ዲአንጄሎ፦ በ30 ዓመት ሦስት አልበም፤ አነሰ ወይስ በቃ?

የድሮ ካሴት (ክሩን የከፈተ)

አሜሪካዊው የሶል ዘፋኝ ዲአንጄሎ በቆሽት ካንሰር በ51 ዓመቱ ካረፈ ወዲህ በየቦታው የማነበው አንድ ዓይነት ቁጭት ነው። «ያን የመሰለ ተሰጥኦ ይዞ ሦስት አልበም ብቻ ትቶ ሄደ» ይላሉ። አንዱ በ1995፣ ሁለተኛው በ2000፣ ሦስተኛው በ2014። (ዓመቶቹን በፈረንጆች አቆጣጠር እጽፋለሁ፤ እናንተም እንዲሁ ብታደርጉ አንደናገርም።) እኔ በቁጭቱ አልስማማም። የተወልንን አዳምጠን ሳንጨርስ ያልተወልንን እየቆጠርን ነው።

ለማያውቁት በአጭሩ፦ የተጸውዖ ስሙ ማይክል ዩጂን አርቸር ነው። በየካቲት 1974 በቨርጂኒያዋ ሪችመንድ ተወለደ። አባቱ የጴንጤቆስጤ ሰባኪ ስለነበሩ ኪቦርድና ኦርጋን የለመደው በቤተ ክርስቲያን ነው። ገና በአሥራዎቹ ዕድሜ እያለ ኒው ዮርክ ሄዶ በሃርለሙ አፖሎ ቲያትር የጀማሪዎች ውድድር አሸነፈ። የመጀመሪያ አልበሙ «ብራውን ሹገር» ሲወጣ 21 ዓመቱ ነበር፤ አብዛኞቹን መሣሪያዎችም የተጫወተው ራሱ ነው። በሂፕ ሆፕ የድራም ምት ላይ የሰባዎቹን የኤሌክትሪክ ፒያኖና የሃሞንድ ኦርጋን አስቀመጠ፤ በላዩ ላይ በለሆሳስ ዘፈነ። ዛሬ ሁሉም ስለሚያደርገው ቀላል ይመስላል።

በ1996 ማክስዌል፣ በ1997 ኤሪካ ባዱ፣ በ1998 ሎሪን ሂል ተከተሉ። ሥራ አስኪያጁ የነበረው ኬዳር ማሰንበርግ ይህን ሁሉ «ኒዮ ሶል» በሚል ስም ለገበያ አቀረበው። ዲአንጄሎ በስሙ ደስተኛ አልነበረም፤ እኔ የምሠራው የጥቁሮች ሙዚቃ ነው ይል ነበር።

እንግዲህ ጥያቄዬ ይኸውላችሁ፦ ሦስት አልበም አነሰ የምትሉ፣ ከየትኛው ላይ ምን ጎድሎባችሁ ነው?

ባለ ቤዙ

ጥሩ ክር ከፈትክ። ግን ሁለተኛውን አልበም «ቩዱ»ን በዓመቱ ብቻ ጠርተህ አለፍከው፤ ክርክሩ ያለው እዚያ ስለሆነ እኔ ልግባበት።

አልበሙ የተቀዳው በኒው ዮርኩ ግሪኒች ቪሌጅ ውስጥ፣ ጂሚ ሄንድሪክስ ባሠራው ኤሌክትሪክ ሌዲ ስቱዲዮ ነው። ድራም ላይ የ«ዘ ሩትስ» ባንዱ ኩዌስትላቭ፣ ቤዝ ላይ የዌልሱ ፒኖ ፓላዲኖ፣ ትራምፔት ላይ ሮይ ሃርግሮቭ ነበሩ። በአንዳንድ ዘፈኖች ደግሞ ቤዙንም ጊታሩንም በአንድ ባለ ስምንት ክር መሣሪያ አጣምሮ የሚጫወተው ቻርሊ ሃንተር አለ። የድምፅ መሐንዲሱ ራስል ኤሌቫዶ ሁሉንም በቴፕ ቀዳ። ሙዚቀኞቹ ስቱዲዮ እንደገቡ ወደ ቀረጻ አይሮጡም ነበር። መጀመሪያ የድሮ የመድረክ ቪዲዮዎችን ያያሉ፤ የፕሪንስንና የመሰሎቹን አሮጌ ሥራዎች ለራሳቸው ደስታ ይጫወታሉ፤ ከዚያ ጨዋታ መሀል አዲስ ነገር ብቅ ሲል ይቀዱታል። የኤሪካ ባዱና የራፐሩ የኮመን አልበሞችም በዚያው ሰሞን እዚያው ቤት ይሠሩ ስለነበር አንዱ የሌላውን ሥራ ይሰማል፣ ገብቶም ይጫወታል። «ቺክን ግሪስ» የሚለው የ«ቩዱ» ዘፈን መጀመሪያ ለኮመን የታሰበ ነበር፤ ዲአንጄሎ በሌላ ዘፈን ለውጦ ወሰደው።

አሁን ወደ ዋናው። የዲትሮይቱ የሂፕ ሆፕ አቀናባሪ ጄ ዲላ በድራም ማሽን ሲሠራ ማሽኑ ምቱን በራሱ እንዲያቃናው አይፈቅድለትም ነበር፤ በጣቱ እንደመታው ይተወዋል። ዲአንጄሎ ያንን ስሜት ከማሽን ሳይሆን ከሰዎች ፈለገ። ኩዌስትላቭ እንደ ሰዓት በማይዛነፍ ምቱ የሚኮራ ተጫዋች ነበር፤ ዲአንጄሎ ግን ወደ ኋላ ጎትተው እያለ ይወተውተዋል። ቤዙ ደግሞ ከድራሙም ኋላ ይቀራል። እኛ በሆቴል መድረክ የምንጫወት ሰዎች የአልበሙን «ፕሌያ ፕሌያ» በልምምድ ላይ ሞክረነዋል። ኖታው አያስቸግርም። የሚያስቸግረው እያንዳንዱ ሰው በየራሱ ልክ ዘግይቶ ያንኑ ልክ እስከ መጨረሻው መጠበቁ ነው። ድራመራችን ሳያውቀው ወደ ምቱ ይመለሳል፤ እኔ እከተለዋለሁ፤ ዘፈኑም እዚያው ይሞታል።

ይህን ለመሥራት ዓመታት ፈጀ ብሎ የሚወቅስ ሰው ካለ አንድ ምሽት ልምምድ ላይ ይገኝልን።

ሌሊት ተረኛ

ስለ ሙዚቃው የምትጽፉትን በደስታ አነባለሁ፤ ግን ሁለቱን ዝምታዎች አትቀላቅሉብኝ። ከ1995 እስከ 2000 የነበረው ሥራ ነው። ከ2000 እስከ 2014 የነበረው በአብዛኛው ሕመም ነው።

ከ«ቩዱ» ጉዞ በኋላ ወደ ቨርጂኒያ ተመለሰ። የቅርብ ጓደኛው ራሱን አጠፋ። መጠጡና አደንዛዥ ዕፁ ጠነከረበት። በ2005 መጀመሪያ ላይ በፖሊስ ተያዘ፤ በዚያው ዓመት መስከረም በሪችመንድ አቅራቢያ መኪናው ተገልብጦ የጎድን አጥንቶቹ ተሰበሩ። በየካቲት 2006 ጄ ዲላ በ32 ዓመቱ ሞተ። ዲአንጄሎ ከሱስ ለመላቀቅ እስከ ካሪቢያኗ አንቲጓ ድረስ ሄዶ ታከመ። ይህ ሁሉ አንድ ሰው ሳይሞት የቀረበት ታሪክ ነው፤ «ለፍጹምነት ሲል ዘገየ» እያላችሁ አታስጊጡት። እኔ የምሠራበት ክፍል እንዲህ ያሉ ሰዎች ይመጣሉ፤ ተሰጥኦ ያላቸውም የሌላቸውም ሲንቀጠቀጡ አንድ ናቸው።

ስለዚህ ለጥያቄህ መልሴ፦ አዎ፣ አነሰ። ጤና ቢኖረው አምስት ይሆኑ ነበር።

የድሮ ካሴት

እህቴ፣ ሱስን የሚያሞግስ ቃል ከእኔ አልወጣም። ግን ዓመታቱ ባዶ አልነበሩም። እስከዚያ ድረስ የኪቦርድ ሰው የነበረው ዲአንጄሎ በዚያ ጊዜ ጊታር ተማረ፤ በሦስተኛው አልበም በ«ብላክ ሜሳያ» ላይ ጊታሩ ወደ ፊት የመጣው በከንቱ አይደለም። በጥር 2012 ስቶክሆልም ላይ ወደ መድረክ ሲመለስ አዳዲስ ዘፈኖች ይዞ ነበር የመጣው። ሕመሙም ሥራውም ጎን ለጎን ሄደዋል።

ሌሊት ተረኛ

ጎን ለጎን መሄዳቸውን አልካድኩም። አንዱ ሌላውን ወለደው እንዳይባል ነው የምጠነቀቀው።

አልገባኝም

ሁላችሁም ተስማምታችሁ ስላያችሁት ነገር አንድ ተራ አድማጭ ይናገር። «ቩዱ»ን ደጋግሜ ሞክሬዋለሁ። ግጥሙ አይሰማም፤ አፉ ውስጥ ጥጥ የያዘ ይመስላል። ዘፈኖቹ ይጀምራሉ፣ ይዞራሉ፣ ይዞራሉ፣ ያልቃሉ። ማክስዌል በዚያው ዘመን በዚያው ስልት ቃሉ ጥርት ብሎ፣ ዜማው ተሸክሞህ ይሄዳል። የምቱ መዘግየት ለሙዚቀኞች የሚጣፍጥ ነገር ሊሆን ይችላል፤ እኔ ግን ቤዝ አልጫወትም።

የመዝሙር ኪቦርድ

አልገባኝም፣ ስለ ቃሉ አለመሰማት አንድ ነገር ልበል፤ ሐዋሳ ውስጥ በቤተ ክርስቲያን ኪቦርድ እጫወታለሁና ነገሩ ከዚያ በኩል ይታየኛል።

ዲአንጄሎ ዘፋኝም ተቀባይም ራሱ ነው። አንዱን ስንኝ ደጋግሞ፣ አንዱን ከፍ አንዱን ዝቅ እያደረገ ይቀዳና ይደራርበዋል። ውጤቱ የአንድ ሰው ድምፅ ሳይሆን የመዘምራን ድምፅ ነው። መዘምራን ሲግሉ ቃል ለቅመህ አትሰማም፤ ቃሉን ቀድሞ የምታውቀው ሰው ነህ ወይም ስሜቱ ይበቃሃል። ዘፈኑ «ይዞራል» ያልከውም እንደዚያው ነው። በአምልኮ ጊዜ ኪቦርድ ተጫዋቹ አንዲት ሐረግ ይዞ የሚቆየው ጉባኤው እስኪሞቅ ነው። መቼ እንደሚለቅ የሚነግረው የጻፈው ኖታ ሳይሆን የሰዉ ሁኔታ ነው። እሱ ይህንን በሪችመንድ ገና በልጅነቱ ነበር የለመደው።

ሌላው የሚነካኝ ነገር ከዚያ ቤት መውጣቱ ነው። በእነርሱ ቤተ ክርስቲያን ዓለማዊ ዘፈን የዲያብሎስ ሙዚቃ ይባል ነበር፤ ኋላ እሱም ስለዚያ ተናግሯል። በእኛም ዘንድ ከመዝሙር ወደ ዘፈን የሄደ ሰው ምን እንደሚባል ታውቃላችሁ። እኔ ግን ወጣ የሚለው ራሱ ትክክል አይመስለኝም። ኦርጋኑን ስሙት፤ የትም አልሄደም። «ብራውን ሹገር» ላይ «ሃየር» የሚለውን የመጨረሻ ዘፈን ቃሉን አውጥታችሁ ዜማውን ብቻ ብትጫወቱት እሑድ ጠዋት ማንም አያስቆማችሁም።

አንጂ ስቶንም እንዲሁ ነበረች፤ ከደቡብ ካሮላይና፣ ከመዝሙር የመጣች። በሁለቱ የመጀመሪያ አልበሞቹ ግጥምና ዜማ ላይ አብራው ሠርታለች፤ የመጀመሪያ ልጁም እናት ናት። እሷ በመጋቢት 2025 በመኪና አደጋ ሞተች፤ እሱ በዚያው ዓመት ጥቅምት ተከተላት። ስለ እሱ ብዙ ተጻፈ፣ ስለ እሷ ግን ብዙም አላየሁም። እሷም የራሷ ክር ይገባታል።

ኢንተርስቴት 95

ልጆች፣ ውይይታችሁ ደስ ይላል። እኔ የምኖረው አሌክሳንድሪያ ቨርጂኒያ ነው። ሪችመንድ በዚሁ በስሜ በያዝኩት አውራ ጎዳና ከሁለት ሰዓት የማይበልጥ መንገድ ነው፤ ለዚህ ሰውዬ ጎረቤትነት ይሰማኛል።

ስለ «ብላክ ሜሳያ» ማንም በቅጡ ስላላነሣ እኔ ላንሣው። አልበሙ ለ2015 ታስቦ ነበር። በኅዳር 2014 መጨረሻ በሚዙሪዋ ፈርግሰን ጥቁሩን ወጣት ማይክል ብራውንን የገደለው ፖሊስ አይከሰስም ተባለ። ከሳምንት ጥቂት ከፍ ብሎ ኒው ዮርክ ላይ ኤሪክ ጋርነርን አንቆ በያዘው ፖሊስ ላይም ተመሳሳይ ውሳኔ ተሰጠ። ዲአንጄሎ አልበሙ አሁን ይውጣ አለ፤ ታኅሣሥ 15 ቀን ያለ ብዙ ማስታወቂያ ወጣ። ያን ሰሞን እዚህ ዋሽንግተን አካባቢ መንገዱ ሁሉ ሰልፍ ነበር። ልጄም ሰልፈኛ ነበር፤ እኔና እናቱ ስልክ ይዘን እናመሻለን። «ዘ ቻሬድ» የሚለውን ዘፈን በመኪና ሬዲዮ የሰማሁት በዚያ ጭንቀት ውስጥ ስለሆነ ስለ ምት መዘግየት ለማሰብ ጊዜ አልነበረኝም። መሢሕ የሚለው ስም እኔ ነኝ ማለቱ አይደለም፤ በፈርግሰንም በግብፅም በዎል ስትሪትም «በቃን» ብሎ የተነሣውን ሕዝብ ሁሉ ማለቱ እንደሆነ ከአልበሙ ጋር ጽፏል።

አሥራ አራት ዓመት ዘገየ ትላላችሁ። ለእኔ የመጣው በቀኑ ነው።

ሰማያዊ ሽፋን

ጋሼ፣ ስለ «ብላክ ሜሳያ» በመጻፍዎ አመሰግናለሁ፤ እኔ ልጽፈው ወደ ነበረው ነገር መንገድ ከፈቱልኝ።

ሦስቱን ሽፋኖች ጎን ለጎን አስቀምጧቸው። በመጀመሪያው ላይ ፊቱ አለ። በሁለተኛው ላይ ራቁት ደረቱ አለ። በሦስተኛው ላይ እሱ ጨርሶ የለም፤ ወደ ላይ የተዘረጉ የብዙ ሰዎች እጆች ብቻ ናቸው። ይህ በአጋጣሚ የሆነ አይመስለኝም።

በመሀል የተፈጠረው «አንታይትልድ» የተባለው የ«ቩዱ» ዘፈን ቪዲዮ ነው። ከራፋኤል ሳዲክ ጋር የሠሩት፣ የፕሪንስን መንፈስ የተከተለ፣ ከሰባት ደቂቃ በላይ የሚሄድና መሀል ላይ በመቀስ እንደተቆረጠ በድንገት የሚያበቃ ግሩም ዘፈን ነው። ቪዲዮው ግን አንድ ካሜራ ሳይቋረጥ በሰውነቱ ላይ የሚንሸራተትበት ነው፤ ከወገቡ በታች ሳይታይ ልብስ የሌለው ይመስላል። «ቩዱ» ገና እንደወጣ በቢልቦርድ አንደኛ ወጣ፤ በመጀመሪያው ሳምንት ወደ 320,000 ቅጂ ተሸጠ። ከዚያ በየኮንሰርቱ ሴቶች «አውልቅ!» እያሉ መጮህ ጀመሩ። ባለ ቤዙ ያን ሁሉ የጻፈለት ቅንብር፣ ያ ሁሉ ድካም፣ መድረክ ላይ ሲቀርብ ሰዉ የሚጠብቀው ሸሚዙን ነው። ሰውነቱ እንደ ቪዲዮው አልመሰለም ብሎ እየተጨነቀ ከመድረክ በፊት የሚዘገይባቸው ምሽቶች እንደነበሩ ኩዌስትላቭ ተናግሯል።

ሴት ዘፋኞች ይህንን ዕለት ዕለት ይኖሩታል፤ ማንም አሥራ አራት ዓመት አይታገሣቸውም። ግን በአንድ ወንድ ላይ ሲደርስ ምን ያህል እንደሚያደቅ ስላየን ምናልባት ነገሩ ይገባን ይሆናል። ሌሊት ተረኛ ከዘረዘረችው ሕመም አንዱ መነሻ ይህ ነበር ብዬ አምናለሁ።

አልገባኝም

የሽፋኖቹን ነገር ወድጄዋለሁ። ሙዚቃው ላይ ግን አቋሜ እንዳለ ነው።

ባለ ቤዙ

አልገባኝም፣ በስልክህ ድምፅ ማጉያ ነው የምትሰማው? ከሆነ ቤዙን ጨርሶ አልሰማኸውም፤ ያለ ቤዙ ደግሞ ዘፈኑ ግማሽ ነው። «ብላክ ሜሳያ» ላይ ምንም ዓይነት ዲጂታል ማጣፈጫ አልተጠቀምንም፣ ሁሉም በቴፕና በአብዛኛው በአሮጌ መሣሪያ ነው የተሠራው ብለው ጽፈውበታል። ያን ሁሉ ለፍተው የሠሩትን እኛ ከጥፍር በማትበልጥ ድምፅ ማጉያ እንሰማውና «አይሰማም» እንላለን።

አልገባኝም

በጥሩ ማዳመጫ ነው የሰማሁት፤ እንዲያውም ውድ ነው።

ጀማሪ አድማጭ

ይቅርታ፣ ከርዕሱ ትንሽ እወጣለሁ። በዚህ ስልት የሚሠራ ኢትዮጵያዊ አለ? እና ደግሞ ዲአንጄሎን ለማያውቅ ሰው ከየት መጀመር ይሻላል?

ኢንተርስቴት 95

ለመጀመሪያው ጥያቄሽ ዋይናን ፈልጊ። አዲስ አበባ ተወልዳ በልጅነቷ ወደ አሜሪካ መጥታ እዚሁ ሜሪላንድ ያደገች ናት፤ በክሊንተን ዘመን ዋይት ሃውስ ውስጥ ሠርታለች፤ ከዚያ ሥራዋን ትታ ወደ ሙዚቃ ገባች። የሚኒ ሪፐርተንን «ላቪን ዩ» ከኮካዪ ጋር እንደገና ሠርታው ለ2009 ግራሚ ታጭታለች። እዚህ አካባቢ ያለነው ሐበሾች በዘመኑ የሚገባትን ያህል አልደገፍናትም፤ ሰርግ ላይ የሚጨፈርበት አይደለም ብለን መሰለኝ።

አወያይ

ስለ ዋይና ለመቀጠል የምትፈልጉ በ«ትውልደ ኢትዮጵያውያን አርቲስቶች» ክፍል ክር አለ። እዚህ ወደ ዲአንጄሎ እንመለስ።

የድሮ ካሴት

ለጀማሪ አድማጭ፦ ከ«ብራውን ሹገር» ጀምሪ። «ሌዲ»ን ቀድመሽ ስሚ፤ በቢልቦርድ አሥረኛ ደረጃ የደረሰ፣ ገና በመጀመሪያ ሲሰሙት የሚገባ ዘፈን ነው። ቀጥሎ የስሞኪ ሮቢንሰንን «ክሩዚን» እንዴት እንደተጫወተው ስሚ። እዚያ ላይ ቃሉም ለአልገባኝም እንኳ ይሰማል።

የመዝሙር ኪቦርድ

እኔ «ሰንድ ኢት ኦን» እላለሁ። ከ«ቩዱ» ሁሉ ገራም የሆነው እሱ ነው፤ የሮይ ሃርግሮቭ ትራምፔት ብቻውን ይበቃል። (ሃርግሮቭም በ2018 ሞተ። ይህንን ክር ስጽፍ ከዚያ ስቱዲዮ ስንቱ እንዳለፈ እየቆጠርኩ ነው።)

ሌሊት ተረኛ

እኔ ከ«ብላክ ሜሳያ» «ሪሊ ላቭ»ን። በሴት ድምፅ በስፓኒሽ ይጀምራል፤ ቫዮሊኖቹ ይገባሉ፤ ጊታሩ ይመጣል፤ እሱ ዘግይቶ ይደርሳል። ከሥራ ስወጣ ጎሕ ሲቀድ የምሰማው እሱን ነው። የዓመቱ ምርጥ የአር ኤንድ ቢ ዘፈን ተብሎ በ2016 ግራሚ ያገኘውም እሱ ነው፤ አልበሙም በዚያው ምሽት አሸንፏል። አንድ ሰው ከዚያ ሁሉ ወድቆ ተነሥቶ ይህንን ሲሠራ ማየት ለእኔ ከሦስት ወይም ከአምስት ቁጥር በላይ ነው፤ ቢሆንም አነሰ ያልኩትን አላነሣም።

ባለ ቤዙ

ሁላችሁም ቀላሉን መረጣችሁላት። «ስፓኒሽ ጆይንት»! ቻርሊ ሃንተር ቤዙንም ጊታሩንም ብቻውን ሲጫወት ሰምታ ሁለት ሰው አይደለም ብላ እስክታምን ድረስ ትስማው።

ጀማሪ አድማጭ

ሁሉንም ሰማኋቸው። «ሌዲ» ወዲያው ገባኝ። «ስፓኒሽ ጆይንት» ላይ ሁለት ሰው ነው የሚጫወተው ብዬ አሁንም እከራከራለሁ። «አንታይትልድ» ሲቆረጥ ስልኬ የተበላሸ መስሎኝ ደገምኩት።

የድሮ ካሴት

አልተበላሸም። ሁላችንም ደግመነዋል።

አልገባኝም

ከእናንተ ጋር ላለመጣላት «ሰንድ ኢት ኦን»ን በቀስታ ሰማሁት። ትራምፔቱ ያምራል፤ እሱን እቀበላለሁ። ማክስዌል ይበልጣል የምለውን ግን አልተውኩም፤ ለእሱ የራሱን ክር እከፍታለሁ፣ ባለ ቤዙ በጊዜ ይዘጋጅ።